ጎንበስ ቀና በፍሎረንስ

በፍሎረንስ ከተማ፣ ቪያ ቶርናቡዎኒ በሚባለው ጎዳና፣ የአንድ የእጅ ቦርሳ ዋጋ ማወቅ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ወገቡን ማማከር አለበት። የኢጣሊያ ሕግ በመስታወት ውስጥ ለዕይታ የተቀመጠ ዕቃ ዋጋው አብሮት ይታይ ይላል። ባለሱቆቹም ሕግ አክባሪዎች ናቸው፤ ዋጋውን ይጽፋሉ። የሚጽፉት ግን የክብሪት ቀፎ በምታህል ነጭ ካርድ ላይ፣ በደቃቅ አኃዝ ነው። ካርዷንም ከመስታወቱ ግርጌ፣ ጥግ ላይ፣ ልብስ ማሳያዋ አሻንጉሊት ቁርጭምጭሚት ዘንድ ያስቀምጧታል። ቦርሳው በዐይን ትይዩ፣ ዋጋው በእግር ትይዩ ነው። ልብ ከላይ ይከጅላል፣ ወገብ ከታች ይከፍላል።

እዚያ ጎዳና ላይ ቆሞ ሰው እንዴት እንደሚያጎነብስ ማየት ራሱን የቻለ ትያትር ነው። አንዱ የጫማ ማሰሪያ የሚያስር መስሎ ዝቅ ይላል፤ ችግሩ ያደረገው ጫማ ማሰሪያ የሌለው መሆኑ ነው። አንዷ ልጇን አቅፋ ለማንሳት ታጎነብስና ዐይኗን ካርዷ ላይ ጥላ ልጇን ትረሳዋለች። ወጣቶቹ ብልሆች ናቸው፤ ስልካቸውን አውጥተው ጥጉን ፎቶ ያነሡና ቀና እንዳሉ ምስሉን በጣታቸው አስፍተው ያነባሉ። የእኛ ሰው ግን ኩሩ ነው፤ አያጎነብስም። ራሱን ቀጥ አድርጎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዐይኑን ብቻ ወደ ታች ልኮ ያነባል። ካነበበም በኋላ ወዲያው አይሄድም። ዩሮውን በብር ሲያበዛ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የማያውቅ ሰው ቢያየው ዳዊት የሚደግም ይመስለዋል። ሲጨርስ «እግዚኦ!» ይላልና ጥርጣሬውን ያጸናለታል።

ብዙ ሰው ቅንጦት ሲባል ዕቃ ይታየዋል፤ ሐር፣ ወርቅ፣ ለስላሳ ቆዳ። እኔ ያንን ጎዳና ካየሁ ወዲህ ግን የቅንጦት ንግድ በሙሉ የሚሽከረከረው ማን ለማን ያጎነብሳል በሚለው ጥያቄ ላይ መስሎ ይታየኛል። ፍሎረንስ ደግሞ በዚህ ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት ስትነግድ የኖረች ከተማ ናት።

ከጎዳናው ዳር ፓላዞ ስትሮዚ ቆሟል። ፊሊፖ ስትሮዚ የተባለው ባለባንክ በ1489 መሠረቱን ሲያስጥል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ) ዕለቱን በኮከብ ቆጣሪ አስመርጦ ነበር። ኮከቡ ያልነገረው፣ ሰውየው በሁለት ዓመቱ እንደሚሞትና ቤቱ የሚያልቀው ገና በ1538 እንደሆነ ነው። ከግንባታው ትይዩ ሉካ ላንዱቺ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ሱቅ ነበረው። ይህ ሰው የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ስለነበረው ምሬቱ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። አቧራው፣ የፍርስራሹ ክምር፣ ድንጋይና ጠጠር የጫነው በቅሎና አህያ፣ ሥራ ፈትቶ ቆሞ የሚመለከተው ሕዝብ፤ ይህ ሁሉ ባለሱቆቹን አላስቀምጥ አላስቆም አላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ደጃፉ የተቆፈረበት ነጋዴ ይህን ማስታወሻ ቢያነብ ጸሐፊውን የሰፈሩ ልጅ ነው ብሎ ይምልልዎታል።

ሆኖም ስትሮዚን አንድ ነገር እናመስግነው። የቤቱን ግድግዳ ሥር ዙሪያውን የድንጋይ መደብ አሠርቶበታል። ዛሬ በዚያ አካባቢ ሳይከፈልበት የሚገኘው ነገር ይኸው መቀመጫ ሳይሆን አይቀርም፤ እግሩ የዛለ ሁሉ ያርፍበታል። ባለባንክ አስቦበት ለሕዝብ የተወው ነገር ቢኖር መቀመጫ ብቻ መሆኑም አያስገርምም፤ ብድር ሊጠይቅ የመጣ ሰው ብዙ መጠበቅ አለበትና።

አሁን ወደ አጎንባሾቹ እንምጣ።

ጉቾ ጉቺ በ1881 እዚሁ ፍሎረንስ ተወለደ። በወጣትነቱ ለንደን ሄዶ ሳቮይ በተባለው ስመ ጥር ሆቴል የእንግዳ ሻንጣ ተሸካሚ ሆነ። ሻንጣ የሚሸከም ሰው ደግሞ ባለሻንጣው ዕድሜ ልኩን የማያየውን ያያል። ባለቤቱ የሚያየው ከላይ የታተመውን ስም ነው፤ ተሸካሚው የሚያየው ስፌቱ የሚፈታበትን ቦታ፣ እጀታው የሚላቀቅበትን ጥግ፣ ማዕዘኑ የሚላጥበትን ቆዳ ነው። ጉቺ ይህን ሁሉ በትከሻው ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰና በ1921 የቆዳ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። ዛሬ ድርጅቱ የፈረንሳዮች ንብረት ሆኗል፤ ስሙ ግን እንደተጻፈ አለ። የሰው ሻንጣ ለማንሳት ጎንበስ ሲል የነበረ ልጅ፣ የባለሻንጣዎቹን የልጅ ልጆች የእሱን ዋጋ ለማንበብ ጎንበስ አሰኛቸው። ከዚህ የሚበልጥ በቀል ካለ ንገሩኝ።

ሁለተኛው ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ነው። በ1898 በደቡብ ኢጣሊያ፣ ቦኒቶ በምትባል መንደር፣ ከአሥራ አራት ልጆች አሥራ አንደኛ ሆኖ ተወለደ። በዘጠኝ ዓመቱ ለእህቱ ጫማ ሰፋ። አሜሪካ ተሻግሮ ለሆሊውድ ተዋንያን ጫማ ሲሠራ ቆየና በ1927 ተመልሶ ፍሎረንስ ላይ ከተመ። በ1933 ከሰረ፤ እንደገና ተነሣ፤ በ1938 ከጎዳናው ጫፍ፣ በአርኖ ወንዝ ዳር የቆመውን ፓላዞ ስፒኒ ፌሮኒን ገዛ። ይህ ግንብ ግንባታው በ1289 የተጀመረ የመካከለኛው ዘመን ምሽግ መሰል ቤት ነው። ጫማ ሠሪነት ደግሞ ከማጎንበስም አልፎ መንበርከክ ያለበት ሙያ ነው፤ ሰውየው የንግሥቶችን እግር በእጁ ይዞ ሲለካ ኖሮ በመጨረሻ የመሳፍንት ቤት ውስጥ ቆሞ ሄደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛም አለንበት። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ያለው ጥሩ ብረትም ወደ ጦርነቱ ዞረ። ፌራጋሞ የታኮ ጫማን ወገብ ደግፎ የሚይዘው ስስ ብረት ጠፋበት፤ የተገኘው ሁሉ እየተሰበረ አስቸገረው። ከዚያ የሰርዴኒያን ቡሽ እየቆራረጠ በተረከዙና በእግሩ መዳፍ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ሞላውና ድፍኑን ታኮ ፈጠረ። ጉቺ ቤትም ቆዳ ሲያጥር ኔፕልስ የተሸመነ ሸራ ተክተው ሻንጣውን አለበሱት፤ የሸራው ሥራ እስከ ዛሬ የድርጅቱ መታወቂያ ነው። ካሳ የሚገባን በሌላው በደል ነው፤ በዚህኛው አንከስም። ግን ድፍን ታኮ አድርጋ ቦሌ ላይ ሽር የምትል ልጅ ሁሉ ሳታውቀው የአያቶቿን ታሪክ አንድ ጫፍ ተጫምታ እንደምትሄድ ቢነገራት አይከፋም።

የሁለቱ ሰዎች ነገር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ሻንጣ ተሸካሚው ከሆቴል ወጥቶ ሱቅ ከፈተ፤ የጫማ ሠሪው ቤተሰብ ደግሞ ከሱቅ ወጥቶ ሆቴል ከፈተ። በፖንቴ ቬኪዮ ድልድይ አካባቢ በአርኖ ዳር ካሉት የታወቁ ሆቴሎች በርከት ያሉት የፌራጋሞ ቤተሰብ ናቸው። እንግዳው ጠዋት ከአልጋቸው ይነሣል፣ ቁርሱን ከወንዛቸው ጋር ይበላል፣ ጫማውን ከሱቃቸው ይገዛል፣ ማታ ጫማውን አልጋቸው ሥር አውልቆ ይተኛል። ገንዘቡ ከኪሱ ወጥቶ የት እንደሄደ ቢጠየቅ ከአንድ ቤት ሳሎን ወደ መኝታ ቤቱ አልፏል ነው መልሱ።

ስለ ሆቴል ሥራ የምነግራችሁን ከአጎቴ ልጅ ነው የሰማሁት። እቴቴ እላታለሁ፤ ታላቄ ናት። ኢጣሊያ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረች፣ አሁን ስሙን በማልጠራው አንድ ታላቅ ሆቴል ክፍል አዘጋጅ ሆና የምትሠራ ሴት ናት። በዚያ ከተማ ከታላላቆቹ ሆቴሎች ብዙዎቹ የጥንት ሰዎች መኖሪያ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ዛሬ ፎር ሲዝንስ የሚባለው፣ ባርቶሎሜዎ ስካላ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ቤት ነው። ስካላ የወፍጮ ሠራተኛ ልጅ ነበር። ተምሮ፣ ከተማዋን ለገዙት ለሜዲቺ ቤተሰቦች አድሮ፣ የፍሎረንስ ሪፐብሊክ ቻንስለር ሆነ። ቤቱ በ2008 ሆቴል ሆኖ ሲከፈት ከአራት ሄክታር በላይ የሆነው የአትክልት ስፍራውም አብሮ ተከፈተ። የአንድ ሌሊት አዳሩ በደህናው ወቅት ከሺህ ዩሮ በላይ ነው። ዱቄት የለበሰ ልጅ በሠራው ቤት ውስጥ ዛሬ ዱቄት አልበላም የሚሉ ሀብታሞች ያድራሉ፤ ጊዜ ሲገለባበጥ እንዲህ ነው።

የሚገርመው ግን ሺው አይደለም፤ ስምንቱ ነው። ከተማው ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ያደረን ሰው በነፍስ ወከፍ፣ በሌሊት 8 ዩሮ የእንግዳ ግብር ያስከፍላል፤ ከሰባተኛው ሌሊት በኋላ ያለውን ይተውለታል። ይህ ግብር ብዙ ጊዜ በሂሳቡ ላይ ለብቻው ይመጣል። እቴቴ እንደምትለው፣ በሺህ የሚቆጠረውን ሳያነብ የፈረመ እንግዳ ስምንቷ ዩሮ ላይ ሲደርስ መነጽሩን ያወጣል። «ይቺ ምንድን ናት?» ይላል። የገንዘብ ባሕርይ ነው፤ ዝሆኑ ሲገባ ዝም ያለው በር ትንኟ ስትገባ ይንጫጫል።

እቴቴ ቤት ያደርኩ ዕለት ሆቴል ማለት ምን እንደሆነ በዐይኔ አየሁ። ቤቷ አንድ ክፍል ከነማዕድ ቤቱ ነው፤ እኔ ሶፋው ላይ ነው የምተኛው። ራት በልተን እጄን ታጥቤ ስመለስ ሶፋው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። አንሶላው ከበሮ እስኪመስል ተወጥሯል። የላይኛው ጥግ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ግባ የሚል ይመስላል። ከሥሩ ወለሉ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ የእሷ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ጎን ለጎን፣ አፉን ወደ ውጭ አድርጎ ተሰልፏል። በራስጌ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ብርጭቆው ላይ ክዳን፣ ከጎኑ አንዲት ከረሜላ።

«እቴቴ፣ ይኼ ሁሉ ለእኔ ነው?» አልኳት።

«ምን ለአንተ ይሆናል ወንድምዓለም፤ እጄ ለምዶት ነው» አለችና ከረሜላዋን መልሳ አነሣች። «ይቺማ የልጄ ናት።»

ከዚያ ሥራዋን ዘረዘረችልኝ። እንግዳው ትራስ እንደ ምግብ ከዝርዝር መርጦ ያዛል፤ ለስላሳ፣ ጠንካራ፣ ላባ፣ ላባ ለማይስማማው ደግሞ ላባ የሌለው። ማታ ማታ እንግዳው ራት ሲወጣ ተገብቶ መጋረጃ ይዘጋል፣ አንሶላ ይታጠፋል፣ መብራት ይቀነሳል። እሱ ሲመለስ ማንም የገባ ሊመስለው አይገባም፤ ግን ሁሉም ነገር ተሠርቶ መገኘት አለበት። አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ግዴታ ነው፤ የጠፋ የጆሮ ጌጥ ካለ ከመከሰስ ማግኘት ይሻላል። ገንዳውን ጎንበስ፣ ምንጣፉን ጎንበስ፣ ቁም ሣጥኑ ሥር ጎንበስ። «በዚያ ሆቴል ያጎነበስኩትን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሰግጄው ቢሆን ኖሮ» አለችኝ ወገቧን እየደገፈች፣ «ይኼኔ ታቦት ተቀርጾልኝ ነበር።»

በማግስቱ ወደ ጎዳናው አብራኝ መጣች። አንዱ ሱቅ ውስጥ እንግባ ብላት «አንተ ግባ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ብላ ስትሮዚ መደብ ላይ ቁጭ አለች። ገባሁ። ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ግዙፍ ሰው በሩን ከፈተልኝና አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ እኔም አጸፋውን ዝቅ አደረግሁ። እሱ እንደገና አደረገ። የአበሻ ሰላምታ ስለሆነ እኔ መጨረሻው ላይ መሸነፍ አልችልም፤ ጥቂት ብንቆይ ኖሮ ግንባራችን ይጋጭ ነበር።

ውስጥ ያለው ሻጭ በጣም ጨዋ ነው። የሠራው ትልቁ ስህተት ውኃ ማቅረቡ ነበር። ፈረንጅ ውኃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀምጦ ይወጣል። አበሻ ግን የሰው ቤት ውኃ ከቀመሰ በኋላ ባዶ እጁን መውጣት ያቅተዋል። ይሉኝታ የያዘው ሰው በዚያ ጎዳና ከተራበ ሌባ የበለጠ አደጋ ላይ ነው። ሻጩ ነጭ ጓንት አጠለቀ። ቦርሳውን ከጨርቅ ከረጢት ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣና ቆዳ የለበሰ ትሪ ላይ አሳረፈው። ከዚያ ቆዳው የተሰፋው ከከተማው ወጣ ብላ ስካንዲቺ በምትባለው አካባቢ ባሉ ሠራተኞች መሆኑን፣ ጠርዙ በእጅ እንደተቀባ፣ ስፌቱ በምን ዓይነት ክር እንደሆነ ነገረኝ። ዋጋውን ግን አልነገረኝም። ዋጋ መጠየቅ የእኔ ፋንታ ነው፤ እሱ ቀድሞ ቢያነሣው ያዋረደኝ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ቀድሜ ብጠይቅ ያዋረድኩት ይመስለኛል። ሁለታችንም በአክብሮት ታስረን ቦርሳውን እያየን ቆምን።

ያዳነኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ባለቤቴን ላማክር» አልኩት። ይህ ቃል ፓስፖርት አያስፈልገውም፤ በየትም አገር በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። ሻጩ ፈገግ ብሎ ካርዱን በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ በሩን የከፈተልኝ ሰውዬም እንደገና ጎንበስ አለ። ስወጣ ትዝ ያለኝ ቦርሳው ሳይሆን የእኛው በግ ነው። የደጋ በጎቻችን ሌጦ ስስ ሆኖ ሳለ በቀላሉ የማይቀደድ በመሆኑ በዓለም ጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተመሰገነ ነው። እኛ ዘንድ ግን በበዓል ማግስት «ሌጦ አለ?» እያለ የሚዞረውን ልጅ ድምፅ መስማት ብርቅ ሆኗል፤ ዋጋው ወድቆ ወድቆ ብዙ ቤት ሌጦውን ከቆሻሻ ጋር መጣል ጀምሯል። ሥጋውን በልተን የጣልነው በነጭ ጓንት ሲያዝ ማየት ለሆድ አይስማማም።

ፖንቴ ቬኪዮን ለማየት ስንሄድ የወርቅ ቤቶቹ ተርታ ላይ ሕዝቡ ተፋፍጓል። በድልድዩ ላይ ያሉት ሱቆች ወርቅ ከመሸጣቸው በፊት ሥጋ ቤቶች ነበሩባቸው። ሜዲቺዎች ከቢሯቸው ወደ መኖሪያቸው ከሕዝብ ጋር ሳይጋፉ ለማለፍ በ1565 በድልድዩ አናት ላይ የተሸፈነ መተላለፊያ አሠሩ። አሠሩና ከታች የሚወጣው የሥጋና የአንጀት ሽታ አስቸገራቸው። በ1593 ከእነሱ አንዱ የሆነው ቀዳማዊ ፈርዲናንዶ ሥጋ ቤቶቹን አስነሥቶ በቦታቸው ወርቅ ሠሪዎችን አስገባ። እንግዲህ በዓለም ከታወቁት የወርቅ ገበያዎች አንዱ የተወለደው ለጌጥ ተብሎ አይደለም፤ ለአንድ ሰው አፍንጫ ተብሎ ነው። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ የሚለው የእኛ ተረት ለሜዲቺዎች ቃል በቃል ሠርቷል፤ በሰማይ መንገድ ሠሩና የምድሩን ገበያ ቀየሩት።

ነገር ግን መሳፍንቱ ሁልጊዜ ከላይ አልነበሩም። በከተማው በየግንቡ ግድግዳ ላይ፣ ከትልቁ በር ጎን፣ አንድ ጠርሙስ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ቅስት መስኮት ታያላችሁ። ከመቶ ሃምሳ በላይ እንደሆኑ ተቆጥረዋል። የወይን ቀዳዳዎች ናቸው። ባለርስቶቹ ቤተሰቦች ከእርሻቸው የመጣውን ወይን ጠጅ በዚያች ቀዳዳ ለመንገደኛ በችርቻሮ ይሸጡ ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወረርሽኝ ጊዜም ሻጭና ገዥ ሳይነካኩ እንዲገበያዩ ጠቅመዋል። ስማቸው በትልቁ በር፣ ገቢያቸው በትንሿ ቀዳዳ ነበር። ከእነዚህ ቀዳዳዎች አንዳንዶቹ በጣም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ወይኑን የፈለገ ጎንበስ ይላል። ከውስጥ ያለው ሰውም ጎንበስ ብሎ ነው የሚያቀብለው። በዚህች ከተማ ሻጭና ገዥ እኩል ያጎነበሱበት ቦታ ይኸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ።

ከሁሉ የባሰው ማጎንበስ ያለው ግን አዲሱ ገበያ በሚባለው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የአዕማድ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቱሪስቱ ሁሉ ከአዳራሹ ጎን ወዳለው የነሐስ ከርከሮ ይጎርፋል። አፍንጫውን ያሸው ዕድል ይቀናዋል ስለሚባል የአውሬው አፍንጫ ከሌላው ገላው ተለይቶ እንደ ወርቅ ያበራል። እኔን የሳበኝ ግን ማንም ሳያየው የሚረግጠው፣ ከአዳራሹ ወለል መሀል ያለው ክብ የእብነ በረድ ድንጋይ ነው። የውርደት ድንጋይ ይሉታል። ድሮ ዕዳ በልቶ የከሰረ ነጋዴ እዚያ ይመጣና ሱሪው ይወልቃል፤ ከዚያ በሕዝብ ፊት መቀመጫው ከድንጋዩ ጋር ይጋጫል። አንዴ አይበቃም፤ ይደገማል። ያበደሩት ሰዎችም ቆመው ያያሉ። እንዲህ ዓይነት ድንጋይ በእኛ የባንክ ቅርንጫፎች ደጃፍ ቢተከል ስንቱ ባለሀብት ሱሪውን አጥብቆ ይታጠቅ ነበር።

ድንጋዩ ሥራ ቢያቆምም ሕጉ ግን መቅጣት አልተወም። በየአደባባዩ አንሶላ አንጥፈው የሐሰት ስም የታተመባቸውን ቦርሳዎች የሚሸጡ ልጆች አሉ፤ ብዙዎቹ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ናቸው። የአንሶላው አራት ማዕዘን በገመድ ታስሯል፤ ፖሊስ ብቅ ሲል ገመዱን ሳብ ያደርጉና ሱቃቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ይሮጣሉ። መሮጥ የማይችለው ጎንበስ ብሎ የሚመርጠው ቱሪስት ነው። የኢጣሊያ ሕግ ደግሞ ሐሰተኛ ዕቃ የገዛውንም ይቀጣል፤ ቅጣቱ እስከ 7,000 ዩሮ ይደርሳል። በሰባት ሺው ሁለት እውነተኛ ቦርሳ ይገዛ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው፤ አያደምቅም ብቻ አይደለም፣ ያስቀጣል።

ያ ሁሉ ማጎንበስ ሲሰለቸኝ ኡፊዚ ወደሚባለው የሥዕል ቤተ መዘክር ገባሁ። በረጅሙ የኡፊዚ ኮሪደር፣ ከጣሪያው በታች ከፍ ብሎ፣ የዓለም ነገሥታትና የታላላቅ ሰዎች ምስል ተሰድሯል። የሜዲቺዎቹ ቀዳማዊ ኮዚሞ፣ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የተባለውን ሠዓሊ ኮሞ ድረስ ልኮ፣ ፓኦሎ ጆቪዮ የሰበሰባቸውን ምስሎች ከ1552 ጀምሮ ያስገለበጣቸው ናቸው። ከእነዚህ መሀል ዓፄ ልብነ ድንግል አሉ። ሠዓሊው በዐይኑ አላያቸውም፤ ቢሆንም ንጉሣችን እዚያው ከሱልጣኖችና ከጳጳሳት ተርታ ናቸው። እሳቸውን ለማየት የሚያጎነብስ የለም፤ አንጋጦ ነው። ከታች ያለው ቱሪስት ሁሉ አንገቱን ሰብሮ ሲያይ አይቼ ደስ አለኝ፤ ብቸኛው ቅሬታዬ ለአንገት ሐኪሙ የሚከፍልልኝ አለመኖሩ ነው።

ምሳ ሲደርስ እቴቴ «ሱቅህን ጨርሰህ ከሆነ እውነተኛውን ፍሎረንስ ላብላህ» አለችና ከመንገድ ዳር ወደቆመ የምግብ ጋሪ ወሰደችኝ። ላምፕሬዶቶ ይሉታል። የላም ጨጓራ አራተኛው ክፍል ነው፤ በቅመም ውኃ ተቀቅሎ፣ ተከታትፎ፣ በዳቦ ውስጥ ይገባል። የዳቦው የላይኛው ሽፋን መረቁ ውስጥ አንዴ ይነከራል። በላዩ አረንጓዴ ድልህ ጠብ ይደረግበታል። ዱለት ያሳደገው ሰው ሁለት ጊዜ መጋበዝ አያስፈልገውም። ዋጋው ከአንድ የሆቴል ቡና ብዙም አይርቅም። በጋሪው ዙሪያ ግንበኛውም፣ ክራባት ያሰረው የባንክ ሠራተኛም፣ የወርቅ ሰዓት ያጠለቀው ሽማግሌም ተሰልፎ ቆሟል። ሜዲቺዎች ከድልድዩ ያባረሩት ሽታ እዚህ በትኩሱ ይጨሳል፤ ልጅ ልጆቻቸው ዩሮ ይዘው ይጠብቁታል።

እያኘክን «እቴቴ፣ እነዚያ ሱቆች አንድም ቀን ገብተሽ አታውቂም እንዴ?» አልኳት።

«እኔ?» አለች። «እኔ ከፍለውኝ የማጎነብስ ሴት ነኝ። ምን ቆርጦኝ ከፍዬ አጎነብሳለሁ?»

ይህን ስትል ከወገቧ እጥፍ ብላ፣ ዳቦውን ከፊቷ አርቃ፣ ክርኖቿን ከፍታ ነበር። ግንበኛውም፣ ባለክራባቱም፣ ባለወርቅ ሰዓቱም እንደዚያው ናቸው፤ መረቁ ይንጠባጠባል።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁንማ» አለች አፏን በእጇ ጀርባ እየጠረገች፣ «ለነጠላዬ ነው።»